ባንኮክ ላይ የጎደሉት ሦስት ሰከንዶች

«ዛሬ አይገኝም፤ ውቅያኖስ ላይ ነው» አለችኝ የፈንዲው ሚስት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ፊቷ ላይ የቀልድ ምልክት የለም።

ፈንዲ በኛ በኬንያው ሞያሌ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ሁሉ መጠሪያ ነው። ግንበኛውም ፈንዲ፣ ልብስ ሰፊውም ፈንዲ። ድምፁ የጠፋ ዕቃ የያዘ ሰው «ፈንዲ ጋ ልሂድ» ካለ ግን ወደ ቡቲዬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የሬዲዮ ጠጋኙን ቤት ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ያን ቀን አራት ሬዲዮ ይዤ ነበር። ከአንድ ካርቶን አሥር አዲስ ሬዲዮ ወጥቶ ስድስቱ ሲናገሩ እነዚህ አራቱ ዝም አሉኝ፤ ደንበኛ ሳያውቅ ላናግራቸው ነበር ሐሳቤ።

«እቴ፣ ባሕሩ ከዚህ በሎሪ አራት ቀን ነው» አልኳት።

«በሎሪ ነዋ። እሱ ከናይሮቢ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ደረሰበት። ግባና እየው። ግን ብዙ አታናግረው፣ ምግብ ሊያድሉ ነው።»

ገባሁ። የጓዳው መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ፈንዲው ከተገለበጠ ሎሪ በተፈታ የሹፌር ወንበር ላይ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል። ከፊት ለፊቱ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮውን ሲዘጋ የሸጠው ኮምፒዩተር አለ። ስክሪኑ ላይ በረራ የሚያስመስል ፕሮግራም ተከፍቷል፦ ከላይ ሰማይ፣ ከታች ውኃ፤ በመካከሉ የአውሮፕላን መሪ ክፍል ከነሰዓቶቹ። የሞተሮቹን ጉልበት የሚገፋባቸው ሁለት ማንሸራተቻዎች ከአሮጌ የድምፅ ማጉያ የነቀላቸው ናቸው፤ አንደኛው ላይ «ማይክ 1» የሚለው ጽሑፍ አልጠፋም። ከጠረጴዛው ሥር መብራት ሲጠፋ የሚይዙለት ሁለት የሎሪ ባትሪዎች ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ሦስት ሰዓት፦ የኛ፣ የባንኮክ፣ እና አብራሪዎች በዓለም ዙሪያ የሚግባቡበት።

ሚስቱ በሳህን ሩዝ ይዛ ገባች። እሱ አንዱን ሰዓት አየና «አራት ደቂቃ ቀድመሻል» አላት።

«ታዲያ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። በአራተኛው ደቂቃ ተመልሳ አስቀመጠችለት።

እኔ ገበያ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። አንድ ሰው አብዷል ወይስ አላበደም የሚለውን ቶሎ ካልወሰንኩ ብድር የምሰጠው ለተሳሳተ ሰው ይሆናል። ያን ቀን አብዷል ብዬ ወሰንኩ። ያስቀየረኝ አንድ ነገር ነው። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንድ ቁልፍ ተነቅሎ ቦታው እንደ ወለቀ ጥርስ ጎድሎ አየሁና ምን ሆኖ ነው አልኩት።

«ሰዓቱን የሚያፋጥነው ነው። እሱን ስትጫነው የዘጠኝ ሰዓቱ በረራ በግማሽ ሰዓት ያልቃል።»

«ይኼማ ጥሩ ነገር አይደል?»

«መንገዱን ካልሄድኩት ደረስኩ ልል ነው?» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

አብዛኛው ሰው የሚያታልለውን ነገር ደብቆ ያስቀምጣል። ይህ ሰው ራሱን የሚያታልልበትን ቁልፍ ነቅሎ ጥሏል። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜዬ ብዙ አላጋጠመኝም፤ በኔ ሥራ ደግሞ ጭራሽ።

ፈንዲው በሕይወቱ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም። በወጣትነቱ የአውሮፕላን መካኒክነት ለመማር አመልክቶ በአንድ ዓይኑ ምክንያት ተመልሷል። ይህን የነገረኝ ሚስቱ ናት፤ እሱ አያነሳውም። የሚያበረው ያሻውን ሳይሆን በዚያች ሰዓት በእውነት ሰማይ ላይ ያለውን በረራ ነው። ያ ጊዜ ሞባይል ሞያሌ ከገባ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የኛ ነጋዴዎችም ዕቃ ለማምጣት ወደ ባንኮክ መብረር ጀምረዋል። እሱ ከነሱ ጋር ተስማማ። በነጻ ስልካቸውን ይጠግናል፤ እነሱ ደግሞ የአውሮፕላኑ በር ሲዘጋ አንድ ፍላሽ ያደርጉለታል፣ ማለት አንዴ ጠርተው ሳይነሳ ይዘጉታል፤ ሳንቲም አይቆጥርም። ሲያርፉ ደግሞ ሁለተኛ ፍላሽ። እሱ በመጀመሪያው ፍላሽ ሞተር ያስነሳል። ሁለተኛው ሲመጣ የሱም ጎማ መሬት መንካት አለበት። አየሩን፣ የነፋሱን አቅጣጫ ሳይቀር በኢንተርኔት ቤት ተሰልፎ ያወጣዋል። የመሄጃውን በረራ ከብዙ ሙከራ በኋላ ከነሱ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ያርፍ ነበር። ሞያሌ ተቀምጦ። እኔ ከማርሳቢት የሚመጣ ሎሪ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ ገምቼ አላውቅም።

ችግሩ መመለሻው ነበር።

ነጋዴዎቹን አንድ ተጨማሪ ነገር ለምኗቸዋል። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሞተሩ ሲያጓራ ሰዓታቸውን ይያዙ፤ ጎማው መሬት ላይ መንጓጓቱን ሲያቆም ስንት ሰከንድ እንደሆነ ይጻፉ። ከናይሮቢ ሲነሱ የነሱና የሱ ቁጥር አንድ ነው። ከባንኮክ ሲነሱ ግን የነሱ አርባ ሰባት ይላል፤ የሱ አርባ አራት። ሦስት ሰከንድ። እያንዳንዱን ሰው ጠይቆ፣ ስንት ኪሎ ዕቃ ይዘው እንደሚመለሱ መዝግቦ፣ የነገሩትን ጭኖ፣ ደጋግሞ ሞክሯል። አርባ አራት።

«ሦስት ሰከንድ ምንድነው? ሰው ሲያስነጥስ ያልፋል» አልኩት።

«ሦስት ሰከንድ ማለት የኔ አውሮፕላን የነሱ አውሮፕላን አይደለም ማለት ነው። ከባንኮክ በተነሳሁበት ቅዳሜ ሁሉ ሌላ ነገር ሳበር ነበር ማለት ነው።»

ነገሩ እየበላው ሄደ። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ማመልከቻ የሚጽፍና ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ሰው ኮምፒዩተሩን ሊገዛው ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ፈንዲው ቀስ ብሎ፣ ስለ ሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያወራ፣ «አንድ ታማኝ ሰው ይቁጠርልኝ። ያኔም ካልገጠመ እሰጠዋለሁ። ማመልከቻ ቢጻፍበት ይሻላል» አለኝ። ታማኝ ሰው ያለው እኔን ነው። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቱን አየሁና ዋጥኩት።

የኔም ወደ ባንኮክ የመሄጃዬ ጊዜ ደርሶ ነበር። ደርሶ ነበር ማለት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰበብ ስሰጥ ሰበብ አልቆብኝ ነበር። ከከብት ጋር ሎሪ ላይ ተጭኜ ስንት ጊዜ ኢሲኦሎ ወርጃለሁ፤ ሽፍታ አስቁሞኝ ጫማዬን አስወልቆኛል። አውሮፕላን ግን እፈራለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለፈንዲውም አልተናገርኩም። ናይሮቢ ልወርድ ስል ግን ከደብተር የተቀደደ ወረቀት በአራት አጥፎ እጄ ላይ አኖረልኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ቀበቶዬን አጥብቄ ወረቀቱን ከፈትኩት። በደንቡ ለፈንዲው ፍላሽ አድርጌአለሁ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ከተነሳችሁ ትንሽ ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ይቀንሳል። አልጠፋም። ነጂው ነው የቀነሰው። ከሥርህ ጓ የሚል ትሰማለህ፤ ጎማው ወደ ሆዱ ሲገባ ነው። በሃያኛው ደቂቃ ላይ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። እኔም ያን ጊዜ አዘነብላለሁ። በአንድ ሰዓት ባሕር። በአምስተኛው ሰዓት በግራ በኩል የሕንድ ጫፍ፤ እዚያ አካባቢ ይንገጫገጫል። ከማርሳቢት መንገድ አይብስም።»

ሁሉም በተራው መጣ። ድምፁ ቀነሰ፣ ጓ አለ፣ አዘነበለ። አጠገቤ የተቀመጠች ማማ የምንላት ጫማ ነጋዴ፣ ስምንተኛ ጊዜዋ ነው፣ ሲንገጫገጭ መጸለይ ጀመረች። እኔ ሰዓቴን አይቼ «ሕንድ ነው፤ ያልፋል» አልኳት።

«አንተ በስንተኛህ ነው?»

«የመጀመሪያዬ።»

ዘወር ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። አባቱ አብራሪ ነው ሳትል አልቀረችም።

አሁን ወደ መመለሻው። ሞያሌ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ባንኮክ ጃኬት የሚባል ይሰፋል። ከውጭ ሲታይ የሰባኪ ካፖርት ነው። ከውስጥ ሲታይ መጋዘን ነው፤ ኪስ በኪስ ላይ። ለምን ቢሉ፣ አየር ማረፊያው የሚመዝነው ሻንጣን እንጂ ሰውን አይደለም። እኔም ከሄድኩ በኋላ እንደ ሌላው ሆንኩ። ለመመለስ ስሰለፍ ሦስት ጂንስ ደራርቤ ለብሻለሁ፤ ጃኬቴ ውስጥ የሞባይል ባትሪ እንደ ጥይት ተደርድሯል። አስመጪው ሁሉ ያው ነው። ማማዋ ስንሄድም ቀጭን አልነበረችም፤ አሁን ግን በበሩ በጎን ነው የምታልፈው። የጨርቅ ነጋዴው ሃጂ ትከሻው ላይ ያንጠለጠላት ትንሽ ቦርሳ ጥጥ እንደያዘ ሰው ፈገግ እያለ ይሸከማታል፤ የአንገቱ ሥር ግን ተገትሯል።

ተቀመጥን። ሞተሩ አጓራ። ሰዓቴን ያዝኩ። ከሸቀጤ መካከል በእውነት ስለሚሠራ ለራሴ ያስቀረሁት ሰዓት ነው። ጎማው እየተንጓጓ ሮጠ፣ ሮጠ፣ አሁንም ሮጠ። አርባ አራት ላይ መሬት ላይ ነን። አርባ አምስት። ሃጂ ዓይኑን ጨፍኗል። አርባ ስድስት። አርባ ሰባት ላይ ተነሳን። ያን ጊዜ ሦስቱ ሰከንዶች የት እንዳሉ አወቅኩ። ግማሹን እኔ ለብሼዋለሁ።

ሞያሌ ስመለስ ለፈንዲው «አርባ ሰባት» አልኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ራሱን ነቀነቀና አመሰገነኝ። ያ ምስጋና ከሽፍታው ይልቅ ጫማ አስወለቀኝ።

ያልነገርኩት በክፋት አይደለም። የኔ ብቻ ቢሆን እነግረው ነበር። ግን የጃኬቱ ነገር የሁላችንም ጉሮሮ ነው። ነጋዴዎቹ ፈንዲውን ይወዱታል፤ ነገር ግን የሚጽፍ ሰው ነው። ስንት ኪሎ ይዛችሁ መጣችሁ ብሎ በደብተር የሚመዘግብ ሰው፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ደብተሩ ጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ አፍ «የተፈቀደውን ብቻ» ብለውታል። እሱም አመነ። ቁልፍ የሚነቅል ሰው ሌላው ቁልፍ የሚደብቅ አይመስለውም።

ከሦስት ቀን በኋላ ሚስቱ ሱቄ መጣች። ምንም አልገዛችም። ባንኮኒው ላይ በሁለት እጇ ተደገፈች።

«አንተ ነጋዴ፣ ምን ደብቃችሁታል?»

«ማን? እኛ?»

«ኮምፒዩተሩን ቅዳሜ ለፎቶ ኮፒው ሰውዬ ይሰጠዋል። ብርድ ልብሱን ዛሬ ከመስኮቱ አወረደው። እኔ ጓዳዬን ባገኝ ደስ ይለኛል፤ ዕቃ ማስቀመጫ የለኝም። ግን ያ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ጓዳውስ ይሞላል፣ እሱን በምን እሞላዋለሁ?»

«እቴ፣ የኔ ምስጢር አይደለም» አልኳት።

«እንግዲያስ ምስጢር አለ» ብላ ወጣች። ሃያ ዓመት ነግጄ በአንዲት ሴት በሁለት አረፍተ ነገር ተሸጥኩ።

ያን ቀን ከሰዓት ሃጂንና ማማዋን፣ አብሮን የሚበር አንድ ሞባይል ሻጭም ጨምሬ ሻይ ቤት ሰበሰብኳቸው። ነገሩን ስነግራቸው ማማዋ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ወንድሜ፣ በአፌ አላወጣም። የተናገርኩት ቃል ተመልሶ አይገባልኝም።»

«እሱ ለማንም አይነግርም።»

«እንደማይነግር አውቃለሁ። የሚነግረው ደብተሩ ነው» አለች።

ሃጂ ጢሙን ዳሰሰ። «የፈንዲው አባት ጎዶማ ገበያ ላይ የከብት ደላላ አልነበሩም? ልጅየው ጣት ማንበብ ያውቃል።»

ይህን ለማያውቅ ልንገር። በኛ አገር የከብት ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ በጨርቅ ሥር ተጨባብጠው በጣት ይነጋገራሉ፤ የተጨበጠው ጣት ቁጥር ነው። ዙሪያውን ሃምሳ ሰው ቢቆም የሚሰማ የለም። በኋላም «አንተ እንዲህ ብለሃል» የሚል የለም፤ ምክንያቱም ማንም ምንም አላለም።

ፈንዲውን አስጠራነው። ሃጂ ትከሻው ላይ የነበረውን ሽርጥ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «እጅህን አስገባ» አለው። «ሻንጣው የተፈቀደው ነው። ይህ ሰውነታችን ላይ ያለው ነው። ደብተርህ ከእጅህ ይውጣ።» ፈንዲው ደብተሩን ለሚስቱ ሰጣት። ማንም ሳይጠራት ተከትላው መጥታ ነበር።

እጁን አስገባ። ሃጂ ጨበጠው። የፈንዲው ቅንድብ ተነሳ። ቀጥሎ ማማዋ፤ እሷ ስትጨብጠው ዞር ብላ መንገዱን ታያለች፣ እጁ የማን እንደሆነ የማታውቅ ትመስላለች። ሞባይል ሻጩ ተከተለ። ፈንዲው ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አንዱን በአንዱ ላይ ይደምራል። እኔ መጨረሻ ላይ እጄን ከተትኩና አሥራ ሁለት ኪሎ ሰጠሁት።

እጁን ሲያወጣ ለአፍታ አየው። ከዚያ ሁላችንንም በየተራ አየን። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ስለዚህ ነው የሚከብዳት» ብቻ አለ። የከበዳት ያላት አውሮፕላኗን ነው፤ ለሷ አዘነ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓዳው ሞላ። ብርድ ልብሱ መስኮቱ ላይ ተመልሷል። ፎቶ ኮፒው ሰውዬ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ከበሩ ጎን ቆሟል። ባንኮክ ዕቃ ሊገዛ የሄደ አንድ የዳበል መንደር ሰው ፍላሽ አደረገ። ፈንዲው የጭነቱን ሠንጠረዥ ከፍቶ በጣት የሰማውን አማካይ በሰው ብዛት አባዝቶ አስገባ። ቀበቶውን አሰረ። «ማይክ 1»ን ገፋ።

እኔ ሰዓቱን ያዝኩ። ሃጂ ከመንቀጥቀጥ የሚከላከል ይመስል የወንበሩን ጀርባ ይዟል። ጎማው ተነሳ።

«አርባ ስድስት» አልኩ።

ሁለቱ ተገኝተዋል። አንዱ ቀረ። ማማዋ «ይበቃል እንጂ» አለች። ፎቶ ኮፒው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። አውሮፕላኑ እየወጣ ነው፤ ፈንዲው ግን ማንሸራተቻውን ይዞ ወደኔ ዞረ። ስለ አንድ ሰከንድ ሊጠይቀኝ አልነበረም፤ ታማኝ ብሎ የመረጠውን ሰው ነበር የሚያየው።

ነጋዴ በጨርቅ ሥር የሚሰጠው የመጀመሪያ ቁጥር መቼም የመጨረሻው አይደለም። ይህን ከብት ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቃል። ኑዛዜ ላይም ብንሆን እጃችን የለመደውን ይቀንሳል።

የሃጂን ሽርጥ ከትከሻው ሳብኩና የፈንዲው ጉልበት ላይ ጣልኩት። እጄን ከሥሩ ከትቼ እጁን ፈለግኩ። አሥራ ስምንት ሰጠሁት።

እጁ እጄ ውስጥ ቆመ።

«ሌሎቹስ?» አለኝ በለሆሳስ።

«ሁሉም ላይ ግማሽ ጨምርበት።»

ከኋላዬ ማንም «ውሸት ነው» አላለም። ማማዋ መስኮቱን በሸፈነው ብርድ ልብስ ላይ የሚታይ ነገር እንዳለ ሁሉ ወደዚያ ዞረች።

ያንን በረራ አላቋረጠውም። ሰው አውሮፕላን መሃል መንገድ ላይ አያቆምም አለ፤ በአንድ ሰከንድ ጉድለት አሥር ሰዓት ሙሉ በረረና ናይሮቢ አረፈ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው ትክክለኛውን ክብደት ጭኖ የተነሳው። እኔና ሚስቱ ብቻ ነበርን። ሰዓቱን እሷ ያዘች፤ አንተ ከእንግዲህ ለምስክርነት አትበቃም ብላኝ።

«አርባ ሰባት» አለች።

ፈንዲው ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል፣ እሱም ሎሪ ወንበሩ ላይ ወደ ቀኝ ዘመም ሲል አየሁት። ሚስቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ለምግቡ ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር። ወጥታ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ሰው መጥቶ ሬዲዮው ተጠግኖ እንደሆነ ሲጠይቃት ከጓዳው ሆኜ ሰማኋት።

«ዛሬ አይገኝም» አለችው። «ጭነቱ ከባድ ነው።»